የሮዲየም ዋጋ እንዲያ ሲንር አምራቾች ለምን አብዝተው አላወጡትም?

ጥያቄ፦
ጤና ይስጥልን። እ.ኤ.አ. በ2021 መጀመሪያ አንድ ትሮይ አውንስ ሮዲየም፣ ማለትም 31 ግራም ያህሉ፣ ወደ 30,000 ዶላር ተጠግቶ ነበር፤ 2023 ሳያልቅ ግን ከ5,000 ዶላር በታች ወረደ። ከሮዲየም ጋር ከአንድ የውድ ብረቶች ቤተሰብ የሆነው ፕላቲነም በዚሁ ጊዜ ከ1,000 ዶላር አካባቢ ብዙም አልራቀም። ዋጋው ሲንር አምራቾች ሮዲየምን አብዝተው ያላወጡት ለምንድን ነው? በኋላስ ምን አወረደው? የምታውቁ ብታስረዱኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

መልስ 1፦
ሮዲየምን ብቻ ብሎ የሚቆፍር ስለሌለ ነው። ከዓለም ምርት ከ80 በመቶ የሚበልጠው የሚገኘው ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ቡሽቬልድ ከሚባለው ሰፊ የዓለት አካል ሲሆን፣ እዚያም ከፕላቲነም፣ ከፓላዲየም፣ ከሩቴኒየምና ከኢሪዲየም ጋር በአንድ ቀጭን ንጣፍ ውስጥ ተቀላቅሎ ይወጣል። አንድ ቶን ዓለት ተፈጭቶ የሁሉም ድምር ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 6 ግራም ነው፤ የሮዲየሙ ድርሻ አንድ ግራም እንኳ አይሞላም። ስለዚህ አምራቹ አዲስ ጉድጓድ ለመክፈት የሚወስነው የሁሉንም ገቢ ደምሮ እንጂ የአንዱን ዋጋ አይቶ አይደለም፤ ጥልቅ ጉድጓድም ዛሬ ተወስኖ ነገ ምርት አይሰጥም። በ2020 አንድ ትልቅ የማጣሪያ ክፍል በፍንዳታ መቆሙና የወረርሽኙ መዘጋት ሲጨመሩበት፣ ጠባቡ አቅርቦት ይበልጥ ጠበበ።

መልስ 2፦
ስለ አቅርቦቱ በሚገባ ተብራርቷል፤ ፈላጊውንም ማየት ግን ያስፈልጋል። በቤንዚን መኪና ላይ ከማርሚታው በፊት የሚገጠመው የጭስ ማጽጃ ቢከፈት፣ ውስጡ እንደ ማር እንጀራ የተቦረቦረ ሴራሚክ ነው፤ ብረቶቹም በግድግዳው ላይ በስሱ ተለብጠዋል። ፕላቲነምና ፓላዲየም ካርቦን ሞኖክሳይድንና ያልተቃጠለ ነዳጅን ያቃጥላሉ፤ የናይትሮጅን ኦክሳይዶችን ወደ ናይትሮጅን በመመለስ ግን ሮዲየምን የሚስተካከለው የለም። ፓላዲየም ሲወደድ በከፊል በፕላቲነም ይተካል፤ የሮዲየም ገዢ ይህ አማራጭ የለውም፣ የልቀት ሕጉን ካላሟላም መኪናውን መሸጥ አይችልም።

መልስ 3፦
ዋጋውን ካወረዱት መካከል የመስታወት ክር አምራቾች ይገኙበታል። የቀለጠው ብርጭቆ ክር ሆኖ የሚወጣበት ቀዳዳማ ሳህን የሚሠራው ከፕላቲነምና ከሮዲየም ቅይጥ ነው፤ ሮዲየም ሲወደድ በቅይጡ ውስጥ ያለውን መጠን ቀንሰው በፕላቲነም ተኩት፣ የተረፋቸውንም ሸጡት። ከማዕድን የሚወጣው ሮዲየም በዓመት 30 ቶን ስለማይሞላ፣ እንዲህ ያለ ትርፍ ገበያውን ለመናድ አይቸግረውም።

እኔ በምሠራበት የናይትሪክ አሲድ ዘርፍም እያንዳንዷ ግራም ትቆጠራለች። አሲዱ የሚሠራበት አሞኒያ 900 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በሚጠጋ ሙቀት የሚያልፈው ከእነዚሁ ሁለት ብረቶች በቀጭን ሽቦ በተሸመነ መረብ ውስጥ ነው። ሲገጠም የሚያብለጨልጨው መረብ ከወራት በኋላ ሲወጣ ግራጫና ሸካራ ሆኖ፣ ክብደቱም ቀንሶ ይገኛል፤ ከላዩ የተነነውን ፕላቲነም ለመያዝ ከሥሩ ሌላ የፓላዲየም መረብ ይዘረጋል። ያረጀው መረብ ከተመዘነ በኋላ ወደ አንጣሪው ተመልሶ አዲስ መረብ ይሠራበታል፤ የምንገዛው የጎደለውን ብቻ ነው።