«ፔትሪኮር» በኬ ነው ወይስ በሲ ኤች?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ሦስት ቀን ሙሉ ከጭንቅላቴ አልወጣ ብሎኛል። የድምፅ መጽሐፍ እያዳመጥኩ ተራኪዋ «ፔትሪኮር» አለች። ደረቅ መሬት ላይ ዝናብ ጠብ ሲል የሚመጣውን ሽታ እያወራች ስለነበር ነገሩ ገብቶኛል። እንደሰማሁት በኬ ጽፌ ብፈልገው ግን መዝገበ ቃላቱ አላወቀውም። ጓደኛዬ ደግሞ «ከፔትሮል የመጣ ነው፣ የቤንዚን ሽታ ነው» ብሎ ድርቅ አለ። አጻጻፉንና አመጣጡን የምታውቁ ንገሩኝ እስቲ።

ፊደል ለቃሚ፦
ፒ፣ ኢ፣ ቲ፣ አር፣ አይ፣ ሲ፣ ኤች፣ ኦ፣ አር። ኬ የለበትም። ሲ ኤች «ክ» ተብሎ የሚነበበው ቃሉ ግሪክ ስለሆነ ነው፤ ኬሚስትሪም ኮረስም እንደዚያው ናቸው። ግሪኮች ለዚህ ድምፅ የራሳቸው ፊደል አላቸው፣ ሮማውያን በሲ ኤች ገለበጡት፣ እንግሊዝኛም እንዳለ ወረሰው። እንግዳ ቃል ውስጥ ሲ ኤች «ክ» ሲሆን ካየህ መጀመሪያ ግሪክን ጠርጥር።

የቃል ሥር፦
ትርጉሙን እኔ ልጨምር፣ ምክንያቱም በጣም የምወደው ቃል ነው። ሁለት ቃል ተጋጥሞ ነው የተሠራው። «ፔትራ» ዐለት ነው። ይህችን እኛም እናውቃታለን፣ ጴጥሮስ የሚለው ስም ከዚያው ሥር ነው። «ኢኮር» ደግሞ በግሪክ አፈ ታሪክ በአማልክት ሥር ውስጥ በደም ፈንታ የሚፈሰው ነው። የጥንቱ የግሪክ ባለቅኔ ሆሜር ኢሊያድ በተባለው ግጥሙ የፍቅር አምላኳ አፍሮዳይት እጇን ተወግታ የወጣው ኢኮር ነው ይላል፤ አማልክት እህል አይበሉም፣ ወይን አይጠጡም፣ ስለዚህ ደም የላቸውም። እንግዲህ ቃሉን ስትፈታው «የዐለት ደም» ብትል ብዙም አትርቅም። ኢኮርን ለብቻው መዝገበ ቃላት ላይ ስትፈልግ ግን ከቁስል የሚወጣ እዥ የሚል ትርጉምም ታገኛለህ፣ እንዳትደናገጥ፣ እሱ የሕክምናው አጠቃቀም ነው።

ጓደኛህም ጨርሶ አልሳተም። ፔትሮሊየም ማለት ፔትራ ላይ ዘይት የሚለው የላቲን ቃል ተጨምሮ «የዐለት ዘይት» ማለት ነው። ሁለቱ ቃላት ዘመዳሞች ናቸው፣ ግን አንዱ ከሌላው አልወጣም።

አፈር ወዳድ፦
አንድ ነገር ልጨምር። ቃሉ የጥንት ይመስላል እንጂ የትናንት ነው። ኢዛቤል ጆይ ቤር እና ሪቻርድ ቶማስ የሚባሉ የአውስትራሊያ ሳይንቲስቶች ናቸው በ1964 እ.ኤ.አ. ኔቸር በተባለው መጽሔት ላይ ያወጡት። ከዚያ በፊት ሽታው «የሸክላ አፈር ጠረን» ነበር የሚባለው። እነሱ የደረቀ ድንጋይና ሸክላ በእንፋሎት አጣርተው ቢጫ መሰል ዘይት አገኙ፣ ፔትሪኮር ያሉትም የዚህን ዘይት ሽታ ነው። ደረቁ ወቅት በረዘመ ቁጥር ዘይቱ አፈሩና ድንጋዩ ላይ ይጠራቀማል፣ ስለዚህ የመጀመሪያው ዝናብ ሽታ ይበረታል። በዚያ ላይ አፈር ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች የሚሠሩት ጂኦስሚን የሚባል ነገር አለ፣ የአፈር አፈር የሚለው ጠረን በአብዛኛው የእሱ ነው። አፍንጫችን እሱን ከትሪሊዮን ውስጥ ጥቂት ቅንጣት ብቻ ቢሆን እንኳ ይለየዋል።

ጠያቂ፦
ኧረ እግዜር ይስጥልኝ! የጴጥሮሷ ነገር በጣም ደስ አለችኝ፣ አሁን አጻጻፉን የምረሳው አይመስለኝም። አንድ ጥያቄ ብቻ፦ ዝናቡ ሳይጀምር፣ ገና ሲያጉረመርም የሚሸተውስ? እሱም ፔትሪኮር ይባላል?

አፈር ወዳድ፦
ያ ሰላ ያለ፣ አፍንጫ ጫፍ ላይ የሚሰማው ከሆነ አይባልም። መብረቅ የሚፈጥረው ኦዞን የሚባል ጋዝ ነው፣ የደመናው ነፋስ ወደ ታች ያወርደዋል። የሚገርመው ኦዞንም ግሪክ ነው፣ «መሽተት» ከሚለው ግስ የመጣ። ግን ራቅ ብሎ ዘንቦ ነፋሱ የአፈሩን ጠረን አምጥቶልህ ከሆነ እሱ ራሱ ፔትሪኮር ነው፣ አንተ ጋ ጠብታ ባይወድቅም።