ሰርቪስ ቻርጅ ተቆርጦ ሳለ ቲፕ የሚጻፍበት ባዶ መስመር መጣልኝ፤ ስንት ልጻፍ?

አዲስ ገቢ፦
ወገኖቼ፣ ፈጥናችሁ መልሱልኝ። ምግብ ቤት ተቀምጬ ነው የምጽፈው፤ አስተናጋጁ ሁለት ጊዜ ተመላልሷል። የእህቴ ልጅ ስለተመረቀች ስምንት ሆነን በላን፣ ጋባዡ እኔ ነኝ። ሂሳቡ ምግብ 240፣ ታክስ 24፣ ሰርቪስ ቻርጅ 48፣ ጠቅላላ 312 ይላል። እሺ ብዬ ካርዴን ሰጠሁ። ልጁ ከካርዱ ጋር ይዞት የተመለሰው ወረቀት ግን ቲፕ የሚጻፍበት ባዶ መስመር አለው። ከሥሩ ደግሞ 18፣ 20 እና 22 በመቶ ስንት እንደሚሆን አስልተው አትመውበታል፤ 20 በመቶው 62.40 ነው። የአክስቴ ባል "ከፍለሃል፣ ተነስ" ይላል። አክስቴ "በልጁ ፊት አታሳፍረኝ" ትላለች። ስንት ልጻፍ?

የካዛንቺሱ፦
240 ብር ከሆነ፣ ስምንት ሰው የጠገበበትን ቤት አድራሻ አሁኑኑ ላክልኝ።

ከምሩ ግን እዚህ አዲስ አበባ ትልልቅ ሆቴሎች 10 በመቶ ሰርቪስ ቻርጅ ይጨምሩና በዚያ ላይ 15 በመቶ ቫት ያስቡበታል። ዝርዝሩ ላይ 1,000 ብር የተባለ ምግብ 1,265 ሆኖ ይመጣል። እኔ ከዚያ በኋላ መልሱን ለአስተናጋጇ ትቼላት እወጣለሁ፤ መቶኛ የሚባል ነገር ቤቴ ገብቶ አያውቅም።

ያፎ መንገድ፦
እኛ ጋ ቴል አቪቭ 10 ወይም 12 በመቶ ይበቃል። ሰርቪስ ካልተካተተ አብዛኛውን ጊዜ ሂሳቡ ላይ ይጻፋል፣ አስተናጋጇም ራሷ ታስታውስሃለች፤ አንዳንዷ ብዕሯን ይዛ ታሰምርበታለች። አንተ የት ነህ?

አዲስ ገቢ፦
ይቅርታ፣ ዋሽንግተን ዲሲ ነኝ። ዶላር ነው። ከመጣሁ አምስት ወሬ ነው።

ሸገር በዲሲ፦
ቀላል ነው። ዲሲ የምግብ ቤት ታክስ 10 በመቶ ስለሆነ ደረሰኙ ላይ ያለውን ታክስ በሁለት አባዛው፤ 20 በመቶ ይመጣልሃል። 48 ጻፍና ውጣ።

መምህር፦
ልጄ፣ ከቁጥሩ በፊት ምክንያቱን ማወቅ ይበጅሃል። የዚህ አገር የፌዴራል ሕግ ቲፕ ለሚቀበል ሠራተኛ በሰዓት 2 ዶላር ከ13 ሳንቲም መክፈል ይፈቅዳል። ይህ ቁጥር ከ1991 ጀምሮ አልተነካም። ቀሪውን እንግዳው እንዲሞላው ነው የታሰበው፤ አሠሪው ደመወዙን ባንተ ኪስ ላይ አሳድሮታል ማለት ነው። እኛ ጉርሻ የምንለው ከፍቅር የሚመጣ ነበር። የሚያጎርስህ ሰው ስንት በመቶ ብሎ አይጠይቅህም፣ አንተም እምቢ አትልም። እዚህ ግን ቃሉ አንድ ሆኖ ነገሩ ሌላ ነው፤ የሰው የቤት ኪራይ ነው። ሳትሰጥ ከወጣህ...

ኮሎምቢያ ፓይክ፦
ታክሱን እጥፍ አድርግ። እኔ ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የማደርገው።

አስተናግጄ ያደግሁ፦
ደረሰኙን ያነበበ የለም እንዴ? 48ቱ እኮ ቀድሞ ተቆርጧል! ታክሱን እጥፍ ማድረግ ሰርቪስ ቻርጅ ለሌለው ሂሳብ ነው።

ወንድሜ፣ ዲሲ ውስጥ ስድስት ዓመት ትሪ ተሸክሜያለሁ፤ ስማኝ። መጀመሪያ፣ የታተመልህን ቁጥር አትመን። 62.40 የተሰላው ከ312 ላይ ነው፤ ታክሱም ሰርቪሱም ገብቶበታል። እሱን ብትጽፍ ከ48ቱ ጋር 110.40 ይሆናል፣ ከምግቡ ዋጋ 46 በመቶ። ቲፕ የሚሰላው ከ240 ላይ ነው።

ሁለተኛ፣ ሰርቪስ ቻርጅና ቲፕ በሕግ አንድ አይደሉም። ቲፕ የሠራተኛው ነው፣ አሠሪው ሊወስደው አይችልም። ሰርቪስ ቻርጅ ግን የቤቱ ገቢ ነው፤ ቤቱ ከፈለገ ለሠራተኛ ያከፋፍላል፣ ካልፈለገ ያስቀራል። በኅዳር 2022 የከተማው ሕዝብ የአስተናጋጆች የደመወዝ መነሻ ቀስ በቀስ ከሌላው ሠራተኛ ጋር እንዲተካከል ድምፅ ከሰጠ ወዲህ ብዙ ቤቶች ይህን ክፍያ ጨምረዋል። ከተማው ደግሞ በ2023 ክፍያው ከመታዘዙ በፊት ለእንግዳው በግልጽ እንዲነገር አሳስቧል። ስለዚህ የምግብ ዝርዝሩን ግርጌ ወይም የደረሰኙን ታች አንብብ፤ ለማን እንደሚሄድ እዚያ ይጻፋል።

ለሠራተኛ ነው ካለ ባዶው መስመር ላይ ሰረዝ አድርግ፣ ጠቅላላውን 312 ብለህ በራስህ እጅ ጻፍ፣ አንዱን ወረቀት ይዘህ ውጣ። መስመሩን ክፍት አትተው።

ነገር ፈላጊ፦
ጥያቄው ራሱ የተሳሳተ ነው። ስንት ልጻፍ ሳይሆን ለምን ልጻፍ ነው መባል ያለበት። ምግቡን ከኩሽና ወደ ጠረጴዛ ማምጣት የምግቡ ዋጋ ውስጥ የለም? ነገ ሳህን ማጠቢያ ብለው ይጨምራሉ። ሁላችሁም ስለምትከፍሉ ነው ይህ ነገር የማያልቀው።

አስተናግጄ ያደግሁ፦
አንተ ላለመክፈል በወሰንህበት ቀን ሕጉ አይለወጥም፤ የሚለወጠው የዚያ ልጅ የእራት ገንዘብ ነው። ትግልህን ከባለቤቱ ጋር ጀምር።

የካዛንቺሱ፦
አንድ ጉርሻ ያጣላል፣ ሁለት ያፋቅራል ሲባል አልሰማችሁም? ሁለተኛውን ጨምርለት።

አዲስ ገቢ፦
የደረሰኙን ታች የእህቴ ልጅ አነበበችልኝ። በጣም በደቃቅ ፊደል "ይህ ክፍያ የሥራ ማስኬጃ ወጪን ለመሸፈን ይውላል፣ ቲፕ አይደለም" የሚል አለው። አሁን ምን ላድርግ? የአክስቴ ባል ኮቱን ለብሷል።

ሸገር በዲሲ፦
እንግዲያው ያልኩህ ልክ ነበር። 48።

ኮሎምቢያ ፓይክ፦
አዎ፣ እጥፍ።

አስተናግጄ ያደግሁ፦
ቆይ! ልጁን በቀስታ "ከዚህ 48 ለአንተ የሚደርስህ አለ?" ብለህ ጠይቀው። ነውር የለውም፤ እኔን ብዙ ሰው ጠይቆኛል፣ ደስም ይለኝ ነበር። የተወሰነ ይደርሰኛል ካለህ 24 ዶላር፣ ማለትም 10 በመቶ፣ በቂ ነው። ምንም ካለህ፣ አቅምህ ከፈቀደ፣ እስከ 40 ድረስ። ጥሬ ገንዘብ ከያዝህ በእጁ ስጠው። ከቤቱ ጋር ቅሬታ ካለህ አስተዳዳሪውን አስጠርተህ ለእርሱ ተናገር እንጂ በልጁ ላይ አትወጣው።

ነገር ፈላጊ፦
88 ዶላር ለሰሃን ማቅረብ! በሉ ቀጥሉ።

መምህር፦
ቅድም ሳልጨርስ ተቋረጥሁ እንጂ ልል የነበረው ይህንኑ ነው።

አዲስ ገቢ፦
ልጁን ልጠይቀው ስል አክስቴ ከመቀነቷ ፈትታ በእጁ አስጨበጠችው። ስንት እንደሆነ አላየሁም። ልጁ አንገቱን ደፍቶ አመሰገናት። አሁን ደግሞ ደቃቁን ጽሑፍ አስነብባ አስተዳዳሪውን ጥሩልኝ ብላ ቆማለች። ወረቀቱ አሁንም እጄ ላይ ነው፣ አልፈረምሁም። ተመልሼ እጽፋለሁ።

ያፎ መንገድ፦
ለአክስትህ ሰላምታ አድርስልን።

ሸገር በዲሲ፦
ሦስት ሰዓት ሆነ እኮ። ምን ደረስህ?

የካዛንቺሱ፦
አስተዳዳሪውን እያጎረሱት ይሆናል።

ሚሚ የአርሊንግተን፦
ይቅርታ፣ የሰው ጥያቄ ላይ ገባሁ። አሁን ምግብ አዝዤ ሰውየው በር ላይ ሊደርስ ነው፤ ማድረሻ ክፍያ 5.99 ተቆርጦብኛል። ይህ ለሾፌሩ ነው ወይስ ለእርሱም ለብቻው ልስጠው?