የጾም ሙዝ ኬክ መሃሉ ለምን ይሰምጣል?

ጥያቄ፦ ሰላም፣ ከሐዋሳ ነኝ። ያለ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል የምጋግረው የሙዝ ኬክ ዳሩ ደርቆ መሃሉ ሊጥ ሊጥ ይላል። 4 ትልልቅ ሙዝ፣ 2 ኩባያ የፉርኖ ዱቄት፣ ግማሽ ኩባያ ዘይት፣ 2 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ፤ 200 ዲግሪ ላይ 40 ደቂቃ። ስህተቱ የቱ ጋ ነው?

መልስ 1፦ እህቴ፣ ሶዳው በዝቷል። ሐዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ናት፤ አየሩ ስለሚሳሳ ኬኩ ሳይጸና ቶሎ ይነፋና ይወድቃል። ለ250 ግራም ዱቄት ሦስት አራተኛ የሻይ ማንኪያ ይበቃል። 1 የሾርባ ማንኪያ ሎሚ ወይም አቼቶ ጨምሪ፤ ሶዳ ያለ አሲድ በደንብ አይሠራም፣ ሲበዛም ሳሙና ሳሙና ይላል።

መልስ 2፦ ሙዙም በዝቷል። በቁጥር ሳይሆን በሚዛን ያዢው፤ ተልጦ 350 ግራም፣ ልጣጩ የጠቆረ። እሱን ፈጭተሽ ከ80 ሚሊ ሊትር ዘይት፣ ከ100 ግራም ስኳርና ከሎሚው ጋር ምቺ። ዱቄቱን፣ ሶዳውንና ቁንጥር ጨው ለብቻ ነፍተሽ መጨረሻ ላይ ጨምሪና ደረቅ ዱቄት እስኪጠፋ ብቻ አማስዪ። ከዚያ በላይ ከታሸ እንደ ማስቲካ ይሆናል። ሳይቆይ ወደ ኦቨን! 175 ዲግሪ፣ 55 ደቂቃ ገደማ፤ እስከ 40ኛው አትክፈቺው። ላዩ ቀድሞ ከጠቆረ ፎይል ጣል አድርጊበት። ስቴኪኒ መሃሉ ላይ ወግተሽ ንጹሕ ከወጣ በስሏል። በሙቁ አይቆረጥም።

መልስ 3፦ በዘይት ፋንታ ማርጋሪን ለምታስቡ፣ አንዳንዱ ወተት አለበትና ማሸጊያውን አንብቡ።