የወላጆች መዋጮ ለታብሌት ይዋል ወይስ ለመጽሐፍ?

አስተባባሪ፦
እንደምን አመሻችሁ። የዛሬውን ጥያቄ ያመጣው አንድ አባላችን ነው። የአንድ የመንግሥት 2ኛ ደረጃ ት/ቤት ወላጆች ገንዘብ አዋጥተዋል። ግማሹ ኮሚቴ «ልጆቻችን ለነገው ዓለም ይዘጋጁ፣ ታብሌትና ኮምፒውተር ይገዛ» ይላል። ግማሹ «መጀመሪያ መጽሐፍ ይባዛ፣ ላብራቶሪው ይሟላ» ብሎ ድርቅ ብሏል። እናንተስ? ስድብ የለም፣ ፖለቲካ የለም፣ ረጅም ቮይስም አይላክ።

ኮደሩ፦
ይሄ እኮ ጭራሽ ሊያከራክር አይገባም። የ12ኛ ክፍል ፈተና ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኦንላይንም እየተሰጠ ነው። ማውስ ጨብጦ የማያውቅ ልጅ እዚያ ሲቀመጥ ከጥያቄው በፊት ከስክሪኑ ጋር ነው የሚታገለው። የኮምፒውተር ኮድ መጻፍ የሚያስተምር «5 ሚሊዮን ኮደሮች» የሚባል ፕሮግራምም አለ፤ ትምህርቱ በነፃ፣ ሰርተፍኬቱ በነፃ። ግን ኮምፒውተር የሌለው ልጅ በምን ይማረው? በስልክ ኮድ ለመጻፍ ሞክራችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ኮምፒውተር የነካሁት ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ነው። ከግል ት/ቤት የመጡት አሳይመንታቸውን ጨርሰው ሻይ ሲጠጡ እኔ አንዷን ፊደል ኪቦርዱ ላይ እፈልጋለሁ። ታብሌት ይገዛ። አለቀ።

የደሴ መምህር፦
አላለቀም ወንድሜ። በ1997 ዓ.ም. ፕላዝማ ሲገባ እኔ ጀማሪ የፊዚክስ መምህር ነበርኩ። ያኔም «አለቀ» ነው የተባለው። ለማታውቁት ልጆች፦ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ትምህርቱ ከአዲስ አበባ በሳተላይት ክፍል ውስጥ ወዳለው ፕላዝማ ቴሌቪዥን ይተላለፍ ነበር፤ የሚያስተምሩት ደቡብ አፍሪካውያን፣ ቋንቋው እንግሊዝኛ። ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ከሆነ የእኔ ድርሻ 5 ደቂቃ ማስተዋወቂያ፣ 5 ደቂቃ ማጠቃለያ ነው። መካከሉ የቴሌቪዥኑ ነው።

ጥያቄ ይሰጣል፣ ስክሪኑ ላይ ሰዓት ይቆጥራል፣ ልጁ ጥያቄውን ደብተሩ ላይ ገልብጦ ሳይጨርስ መልሱ ዱብ ይላል። ያልገባው ልጅ እጁን ያወጣል፤ ለማን? ወደ ቴሌቪዥኑ ያያል፣ ወደ እኔ ያያል፣ ያወርዳል። እኔ ማስቆም አልችልም፣ ወደ ኋላ መመለስ አልችልም። መብራት ከጠፋ ያ ርዕስ ሄደ ማለት ነው፤ ነገ ቴሌቪዥኑ ቀጣዩ ርዕስ ላይ ነው፣ እናንተ ደረሳችሁም አልደረሳችሁም። ከእኔ ጋር የነበሩ ጎበዝ መምህራን ግድግዳ ተደግፈው መቆም ለመዱ። ሌሰን ፕላን ማዘጋጀት ቀረ። «እሱ ያስተምራቸዋል» ይሉ ነበር፣ እየሳቁም እየተናደዱም።

ሐቁን ልናገርና፣ ሙከራ ሲያሳይ ግሩም ነበር። ላብራቶሪ የሌለን ሰዎች የሞገድን እንቅስቃሴ በቾክ ሰሌዳ ላይ እንዴት አድርገን እናሳይ? ስለዚህ ፀረ ቴክኖሎጂ አትበሉኝ። እኔን ያቃጠለኝ ሰው ያለበት ክፍል ሰው እንደሌለበት ተቆጥሮ መሠራቱ ነው። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተቀመጡት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ 1,328 ት/ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። እነዚያ ት/ቤቶች የጎደላቸው ታብሌት ነው የሚል ካለ ያስረዳኝ።

የሁለት ልጆች እናት፦
መምህር እግዜር ይስጥልኝ። እኔ ትንሽ ነገር ልበል። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲመጣ መጽሐፉ በቂ አልታተመም ተባለና በፒዲኤፍ ተላከልን። ቤት ያለው ስልክ አንድ ነው፣ እሱም የእኔ። ጠዋት ሥራ ስሄድ መጽሐፉም አብሮኝ ይሄዳል! ማታ ስመለስ ትልቋ ባዮሎጂ፣ ትንሹ ሒሳብ፤ ባትሪው 20 በመቶ ላይ፤ ከዚያ ጭቅጭቅ። ት/ቤት ደግሞ ስልክ ይዞ መግባት ክልክል ነው፤ ሲገኝ ይወረሳል፣ ወላጅ ይጠራል። መጽሐፉ ስልክ ውስጥ ነው፣ ስልክ ክልክል ነው። በመጨረሻ ምዕራፍ በምዕራፍ ፎቶ ኮፒ አስነሳን። ስለዚህ የእኔ ድምፅ ለመጽሐፍ ነው።

ኮደሩ፦
እህቴ፣ የተናገርሽው እኮ ለእኔ ነው የሚመሰክረው! ያ ፒዲኤፍ በልጆቹ ታብሌት ላይ ቢሆን ጭቅጭቁ የለም። መምህር፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ፕላዝማን ከዛሬው ጋር ማወዳደር አይሆንም። ዛሬ ቪዲዮ ይቆማል፣ ይመለሳል። እንደ ኮሊብሪ ያሉ ያለ ኢንተርኔት የሚሠሩ ነፃ ሶፍትዌሮች አሉ፤ አንድ ኮምፒውተር ላይ ይጫናል፣ ክፍሉ ሁሉ በዋይፋይ ይጠቀማል፣ ብር የለ ዳታ የለ።

ደግሞ ልጆቻችንን አትናቋቸው። እ.ኤ.አ. በ2012 ኔግሮፖንቴ የሚባሉት የአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ሰው ከድርጅታቸው ጋር ወንጪና ወለንጪቲ አካባቢ ለሁለት መንደር ልጆች ታብሌት በታሸገ ካርቶን አስቀምጠው ሄዱ። አስተማሪ የለም፣ መመሪያ የለም፤ አዋቂዎቹ የተነገራቸው በሶላር ቻርጅ ማድረግ ብቻ ነው። እሳቸው እንደተናገሩት አንዱ ልጅ በደቂቃዎች ውስጥ ካርቶኑን ከፍቶ ማብሪያውን አገኘ፤ በሁለት ሳምንት የኤቢሲ ዘፈን ይዘፍኑ ነበር፤ በ5 ወር ውስጥ ሆን ተብሎ የተዘጋውን ካሜራ ከፍተው ተገኙ። ፊደል ያልቆጠሩ ልጆች!

የደሴ መምህር፦
ታሪኩን አውቀዋለሁ፣ ደስም ይለኛል። ልጆቹ ንቁ እንደሆኑ እኛ መምህራን ያለ ታብሌትም እናውቃለን። ግን የኤቢሲ ዘፈን መዝፈን ማንበብ አይደለም። ደግሞ ኦሮምኛ ተናጋሪ ሕፃን በእንግሊዝኛ ታብሌት ለብቻው ይማር ማለት ምን ማለት እንደሆነ አስበው። የእነዚሁ ሰዎች ላፕቶፕ ፔሩ በብዛት ገብቶ ነበር። በገጠር 319 ት/ቤቶች ላይ በተደረገ ጥናት የሒሳብም የቋንቋም ውጤት አልተሻሻለም። ማሰብን በሚለኩ ፈተናዎች ላይ ትንሽ መሻሻል ታይቷል፣ እሱን አልደብቅህም። ልጁ መሣሪያውን ለመደ፤ ሒሳቡን ግን የሚያስተምረው አላገኘም።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
ከዚህ ከሜሪላንድ ልጨምር። የእኔ ልጅ ክሮምቡክ የሚባል ላፕቶፕ አለው፣ የቤት ሥራውም የሚመጣው በእሱ ነው። በአንዱ ታብ አሳይመንት፣ በሌላው ጌም። እናቱ ስታልፍ የመጀመሪያው ይከፈታል። ስዊድንም ከብዙ ዓመት ስክሪን በኋላ እ.ኤ.አ. በ2023 ወደ ታተመ መጽሐፍ ለመመለስ በጀት መድባለች። እናንተ እነሱ የጣሉትን ለማንሳት አትሩጡ።

ኮደሩ፦
አይ ጋሼ! ስዊድን መጽሐፉም ኮምፒውተሩም ሞልቶላት ነው የምትመርጠው። እኛ አንዱም የለንም። የእርስዎ ልጅ ጌም ቢጫወትም 18 ዓመት ሲሞላው ኮምፒውተር ያውቃል። የእኛው ግን በምን ይወቅ?

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
እሺ፣ እዚህ ላይ ረትተኸኛል።

የላብ ቴክኒሻን፦
ሁላችሁም የምትከራከሩት ስለ መግዛት ነው። ከተገዛ በኋላ ያለውን የማየው እኔ ነኝ። የአይሲቲ ክፍሌ ውስጥ 24 ኮምፒውተር አለ፣ የሚነሳው 9 ነው። መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን የሚያቆየው ዩፒኤስ ባትሪው ከሞተ ቆይቷል፤ መብራት መጣ ሄደ ሲል ለኮምፒውተሩ ኃይል የሚሰጠው ፓወር ሰፕላይ ይቃጠላል፣ መለወጫ ግን በጀት ውስጥ የለም። ግዢ በጀት አለው፣ ጥገና የለውም። የሞተው ተወግዶ በሌላ እንዳይተካ ደግሞ የንብረት አወጋገድ የሚባል ሌላ ጣጣ አለ።

ከሁሉም የከፋውን ልንገራችሁ። ዕቃው በሙሉ በእኔ ስም ወጪ ሆኗል፣ የንብረት መረከቢያ ቅጹ (ሞዴል) ላይ ፈርሜያለሁ። አንድ ማውስ ቢጠፋ ከደመወዜ ይቆረጣል። ታዲያ እኔ ምን አደርጋለሁ? እቆልፋለሁ። ከልቤ እኮ አይደለም፣ ልጆቹ ሲለማመዱ ማየት ደስ ይለኛል። ግን 60 ተማሪ ገብቶ ሲወጣ ኪሱን ልፈትሽ? ስለዚህ ክፍሉ የሚከፈተው በሳምንት አንዴ ለአይሲቲ ክፍለ ጊዜ ነው፤ እሱም መብራት ካለ። ቀሪውን ቀን ኮምፒውተሮቹ ጨርቅ ለብሰው ይቀመጣሉ። እንግዳ ሲመጣ ጨርቁ ይነሳል። ታብሌት ደግሞ ከኮምፒውተር ይልቅ በቀላሉ ይጠፋል። 100 ታብሌት ፈርሜ ብቀበል አንዱንም ለተማሪ አልሰጥም፣ እውነቱን ነው የምነግራችሁ።

የ12ኛ ክፍል ተማሪ፦
ሰላም፣ እኔም ልናገር። እናንተ «ቴክኖሎጂ ይግባ አይግባ» ትላላችሁ፣ እኛ ጋ ገብቷል እኮ። ሾርት ኖቱም ያለፉት ዓመታት ፈተናም ቴሌግራም ላይ ነው። ዳታ ያለው ልጅ አሳይመንቱን ቻትጂፒቲ ያሠራዋል፣ ሌሎቻችን ከሱ እንገለብጣለን። ባለፈው የኬሚስትሪ መምህራችን «ይህን ቁጥር ከየት አመጣኸው?» ብሎ አንዱን ሰሌዳ ላይ አስወጣው፤ ልጁ ቾኩን ይዞ ዝም። ከዚያ 7 ልጅ አንድ ዓይነት ስህተት ሠርቶ ተገኘ። መምህሩ ተቆጣ፣ ከዚያ በኋላ ግን ያ ነገር መቼ እንደሚሳሳት እንዴት እንደምናውቅ ማንም አላስተማረንም። እኔ ታብሌት ቢመጣም መጽሐፍ ቢመጣም ይህን የሚያሳየኝ መምህር ነው የምፈልገው።

የደሴ መምህር፦
ጎሽ ልጄ። እኔ በ20 መስመር ያልኩትን ጨርሰሽዋል።

ኮደሩ፦
መምህር፣ እሷ ያለችውንም እኮ ያለ መሣሪያ አያስተምሯትም። መልሱን ስክሪኑ ላይ አውጥተው፣ ክፍሉ ፊት ስህተቱን ካልፈለጉ በምን ያሳዩአታል? በቃል?

የደሴ መምህር፦
አንድ ላፕቶፕና አንድ ፕሮጀክተር ይበቃኛል። ማብሪያ ማጥፊያው እኔ እጅ ይሁን እንጂ! ልጆቹ «ቲቸር አልገባንም» ሲሉኝ ላቁመው። 100 ታብሌት አልጠየቅሁም።

ኮደሩ፦
እሱ እኮ ያው ፕላዝማ ነው፣ ሪሞት ተጨመረበት እንጂ። ልጁ ራሱ በጣቱ ካልነካው ተመልካች ነው። ለኦንላይን ፈተናው ማየት አይጠቅመውም።

የሁለት ልጆች እናት፦
እና የኦንላይን ፈተናውን ለመለማመድ 9ኙ ኮምፒውተር በየቀኑ ከ10 ሰዓት በኋላ ቢከፈት አይበቃም? ሲሠራ የማይከፈት ክፍል ላይ ሌላ ዕቃ መደርደር ምን ይሉታል?

አስተባባሪ፦
እሺ፣ ጊዜ ሄደ። ድምፅ እንስጥ፦ 1) ታብሌት፣ 2) መጽሐፍና ላብራቶሪ፣ 3) ፕሮጀክተርና ላፕቶፕ ለመምህራን።

የላብ ቴክኒሻን፦
4ኛ ጨምርልኝ። ገንዘቡ ለባትሪ፣ ለፓወር ሰፕላይና ለ2 ዓመት ጥገና ይመደብ፤ ከተረፈ መጽሐፍ ይባዛበት። የወላጅ ኮሚቴው ደግሞ በቃለ ጉባኤ «በትምህርት ላይ እያለ የተሰበረ ወይም የጠፋ ዕቃ ከቴክኒሻኑ ደመወዝ አይቆረጥም» ብሎ ለር/መምህሩ ጥያቄ ያቅርብ። ያ ወረቀት ከተፈረመልኝ ነገ ከ10 ሰዓት በኋላ እከፍታለሁ።

ኮደሩ፦
4ኛውን እኔም እደግፋለሁ፣ በአንድ ቅድመ ሁኔታ፦ ከተከፈተ በኋላ ሌሎቹን 15 ለማስነሳት ቅዳሜ ቅዳሜ መጥቼ በነፃ እሠራለሁ። ጥበቃው ግን እንዳይመልሰኝ።

የሁለት ልጆች እናት፦
ለጥበቃው እኔ እነግርልሃለሁ። መጽሐፉ ግን «ከተረፈ» አይባል። ግማሽ በግማሽ ይሁን፣ ካልሆነ ድምፄ 2 ላይ ነው።