የሮትዋይለር ቡችላ ጅራት ይቆረጥ ወይስ ይተው?

ጠያቂ፦ ሰላም ለቤቱ! 7 ሳምንት የሞላው ሮትዋይለር ቡችላ አለኝ። ሻጩ «ጅራቱን ካልቆረጥከው ሲያድግ ከግድግዳ እየተጋጨ ይቆስላል፤ በክር ጠበቅ አድርገህ እሰረው፣ በራሱ ይወድቃል» ይላል። ልክ ነው?

መልስ 1፦ ክሩን እርሳው ወንድሜ። ደም ሲቋረጥበት ጫፉ በቁሙ ይበሰብሳል፤ ኢንፌክሽኑም ወደ ላይ ይወጣል። ዕድሜውም አልፏል። እንግሊዝ ለሥራ ውሾች ብቻ ስትፈቅድ እንኳ ቡችላው ከ5 ቀን መብለጥ የለበትም፣ የሚቆርጠውም ሐኪም ነው። በ7 ሳምንት ሙሉ ማደንዘዣ የሚጠይቅ ቀዶ ሕክምና ነው። የሚቆረጠው በሁለት አከርካሪዎች መገጣጠሚያ ላይ ነው፤ ቆዳው ከአጥንቱ ረዘም ብሎ ካልቀረ ስፌቱ ተወጥሮ ይተረተራል። ለመልክ ሲባል ይህ ሁሉ?

መልስ 2፦ «ይቆስላል» የሚለው ከሜዳ የተነሣ አይደለም፣ ግን የአዳኝ ውሾች ጉዳይ ነው። በ2010 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች ናቸው) የወጣ የብሪታንያ ጥናት ጅራቱ ተጎድቶ የታከመው ውሻ 0.23 በመቶ ብቻ እንደሆነ አገኘ፤ አንድ ጉዳት ለማስቀረት 500 ያህል ውሾች መቆረጥ አለባቸው ማለት ነው። በ2014 የወጣ የስኮትላንድ ጥናት ደግሞ ጅራታቸው ካልተቆረጠ ስፓንየሎች (የአዳኝ ውሻ ዝርያ ናቸው) 56.6 በመቶው በአንድ የአደን ወቅት እንደተጎዱ አገኘ (መረጃው ከባለቤቶች የተሰበሰበ ስለሆነ ተጋንኖ ሊሆን ይችላል)። እሾህ ውስጥ ጅራት እየቆሉ የሚሮጡ ናቸውና አይገርምም። ስኮትላንድ በ2007 ጨርሳ ከልክላ፣ በ2017 ለስፓንየልና ለጥቂት የአደን ዝርያዎች ከጅራቱ ጫፍ እስከ ሲሶው ድረስ መቁረጥ የፈቀደችው ለዚህ ነው። ግቢ የሚጠብቅ ሮትዋይለር እዚህ ውስጥ የለበትም።

ጠያቂ፦ ገባኝ። ድንገት ቢቆስልስ?

መልስ 1፦ ንጹሕ ጎዝ ይዘህ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ሳትለቅ ተጫነው፤ ገለጥ እያደረግህ ካየኸው የረጋው ደም ይነሣል። ግማሽ ሊትር ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ላይ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጠህ እጠበው። አልኮል አታስነካው። የማይጣበቅ ጎዝ፣ ጥጥ፣ ከላይ ፋሻ። ፕላስተሩ ከፋሻው አልፎ ጠጉሩን ካልያዘ አንዴ ጅራቱን ሲቆላ ይወረውረዋል፤ ዙሪያውን ካጠበቅኸው ደግሞ ያው ክሩን አሰርክ ማለት ነው። ጫፉ ካበጠ ወይም ከቀዘቀዘ ወዲያው ፍታው። በየ2 ቀኑ ቀይር፣ እንዳይልሰው አንገቱ ላይ የፕላስቲክ ከለላ አድርግለት። የሰው አይቡፕሮፌን እንዳትሰጠው፣ ጨጓራና ኩላሊቱን ይጎዳል። ጫፉ ከጠቆረ፣ አጥንት ከታየ ወይም እየዳነ ደጋግሞ ከደማ ግን ሐኪም ጋ ውሰደው፤ መቁረጥ ተገቢ የሚሆነው ያኔ ነው።