«ባዶ መሬት» የቱ ነው?

ውኃ ልክ፦ ትናንት አንዱ «ነባር ከተማ ከመጠጋገን ባዶ መሬት ላይ አዲስ መሥራት ይቀላል፣ ብራዚሊያን እዩ» ብሎ ስንት ሰው አጨበጨበለት! የብራዚል ዋና ከተማ ብራዚሊያ እ.ኤ.አ. በ1960 ከመመረቋ በፊት እኮ በ1958 ታጓቲንጋ የምትባል የሠራተኞች ከተማ አጠገቧ ተቆርቁራለች። ብራዚሊያን የገነቡት ሠራተኞች ፕላኗ ውስጥ ቦታ አልነበራቸውማ።

ቀያሽ፦ «አንዱ» እኔ ነኝ፣ ጥራኝ። ባዶ ያልኩት ከሥሩ የተቀበረ ነገር የሌለውን ነው። ነባር መንገድ ስትቆፍር ካርታው 1 ሜትር ላይ ነው ያለው ኬብል 40 ሳንቲ ላይ ይመጣል፤ ኤክስካቫተሩ በጠሰው፣ ሥራው ቆመ። አዲስ ሳይት ላይ ፍሳሹን ከታች፣ ውኃውን ከላይ፣ ኬብሉን በጎን አድርገህ አንዴ ትቀብራለህ፣ አለቀ።

ውኃ ልክ፦ «አንዴ ትቀብራለህ»! ባለ 200 ሚሊ የፍሳሽ ቧንቧ ደለል እንዳይዝ ውኃው በሰከንድ ቢያንስ 0.6 ሜትር መሄድ አለበት። ለዚያ በየ100 ሜትሩ 40 ሳንቲ ቁልቁለት ትሰጠዋለህ፤ ሜዳ ላይ 1 ኪሎ ሜትር ስትሄድ 4 ሜትር ጠለቅህ፣ ከዚያ ፓምፕ። ይሁን። ዋናውን መስመር ለ500 ሺህ ሰው ለክተህ 20 ሺህ ብቻ ቢገባስ? ውኃው ከቧንቧው ወለል ላይ ስስ ሆኖ ይሄዳል፣ ደረቁ ይቀራል፣ ይደፈናል። የመጠጡም ውኃ መስመር ውስጥ ሲከርም ክሎሪኑ ያልቃል።

ማዕዘን፦ በምዕራፍ ሥራዋ! ከፍሳሽ ማጣሪያው ጣቢያ፣ ከዝቅተኛው ጫፍ ጀምረህ ወደ ላይ።

ውኃ ልክ፦ ማጣሪያ አጠገብ የመጀመሪያውን ቤት ማን ይገዛል ጌታው? ሻጩ የሚጀምረው እይታ ካለው ኮረብታ ነው።

ማዕዘን፦ ባርሴሎናስ? የመሐንዲሱ የሰርዳ የ1859 ፕላን፣ በመንገዶች የተከበበው እያንዳንዱ ብሎክ ጎኑ 113 ሜትር፣ መንገዱ 20 ሜትር ስፋት። ሜዳ ላይ ተሠርቶ ዛሬም ይሠራል።

ውኃ ልክ፦ ሜዳው ባዶ የቆየው ወታደሩ ከከተማው ግንብ ውጭ እስከ መድፍ ተኩስ ርቀት መገንባት ስለከለከለ ነው። የትእዛዝ ባዶ! ሰርዳ ደግሞ የብሎኩ ሁለት ጎን ብቻ ይሠራ፣ መሀሉ አትክልት ይሁን ነበር ያለው፤ ባለመሬቶቹ አራቱንም ዘጉት፣ መሀሉንም ሞሉት።

እግረኛ፦ እነዚያ የተቆረጡ የብሎኮቹ ማዕዘኖችስ? ዜብራው ወደ ውስጥ ገብቶ ቀጥ ብሎ የሚሄደውን ሰው በየመስቀለኛው ያዞረዋል።

ማዕዘን፦ ለእይታና ለመታጠፊያ ነው የተቆረጡት! 45 ዲግሪ ባይሆን...

እግረኛ፦ መታጠፊያ ለማን? ዛሬ መኪና ነው የሚቆምበት።

ቀያሽ፦ ዜብራውን ተዉት። የፍሳሹን ጥያቄ በምዕራፍ ይሠራል ብዬ መልሻለሁ።

ውኃ ልክ፦ እሱን ያለው ማዕዘን ነው። አንተ ገና «አንዴ ትቀብራለህ» ላይ ነህ።