የልጄ አፍንጫ ተዘግቶ ጡት መጥባት አቅቶታል፤ እስኪነጋ ምን ላድርግለት?

የአዳማዋ እናት (ጠያቂ)፦
ጤና ይስጥልኝ። የልጄ አፍንጫ ከቀትር በኋላ ጀምሮ ፈጽሞ ተዘግቷል። ጡት ሲይዝ አንድ ሁለቴ ይስብና ትንፋሽ ስለሚያጥረው ለቅቆ ያለቅሳል፤ ርቦት እንደገና ይፈልጋል፤ እንደገና ይለቃል። ዛሬ ኅዳር 12 በመሆኑ ሰፈሩ በሙሉ ቆሻሻ ሲያጥን ውሏል፤ መስኮቱን ብከፍት ጭሱ ይገባል፣ ብዘጋው ደግሞ ቤቱ ይታፈናል። ትናንት ማታ ገላውን ሳጥበው በሩ ተከፍቶ ስለነበር ብርድ እንደመታው እርግጠኛ ነኝ። በአቅራቢያችን ያለው ፋርማሲ ዘግቷል። ባለቤቴ፣ ባለፈው ወር ለታላቂቱ ታዝዞ የተረፈ የአሞክሳሲሊን ሽሮፕ በፍሪጅ ውስጥ ስላለ ከእርሱ እንስጠው ይላል። ቪክስም አለን፤ ደረቱን ልቀባው ወይስ አፍንጫው ሥር? እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ።

የሦስት ልጆች እናት፦
አይዞሽ እህቴ፣ ይህ የሁላችንም ቤት ጉዳይ ነው። ዝንጅብል ቀቅለሽ፣ ለብ ሲል አንድ ማንኪያ ማር ጨምረሽበት በትንሽ በትንሹ አጠጪው። በእኛ ቤት ከዚህ የተሻለ ነገር አልተገኘም።

ነፋስ የለመደው፦
የአዳማ ነፋስ በሌላው ቀን ጣሪያ ካልነቀልሁ እያለ ያስቸግረናል፤ ዛሬ ጭሱን ጠርጎ ቢወስድልን ምን ነበረበት? ለማንኛውም መስኮቱን ጭሱ በሚመጣበት በኩል ዘግተው በጓሮው በኩል ያለውን በጥቂቱ ይክፈቱ።

ጡረተኛው መምህር፦
በመጀመሪያ አንድ ነገር ላስተካክል። ልጁን ያመመው የተከፈተው በር አይደለም። ጉንፋን የሚመጣው በቫይረስ ነው፤ ቫይረሱም የሚተላለፈው ከሰው ወደ ሰው፣ በሳል፣ በማስነጠስና በእጅ ነው። ታላቂቱ ልጅ ትምህርት ቤት የምትውል ከሆነ፣ ጉንፋኑን ወደ ቤት ያመጣችው እርሷ ልትሆን ትችላለች። የዛሬው ዕለት ራሱ የሚያስታውሰን ይህንኑ ነው። በ1911 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ዓለምን ያዳረሰው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ አገራችን ገብቶ፣ በአዲስ አበባ ብዙ ሕዝብ ፈጅቷል፤ አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪ እንኳ ታመው ለጥቂት ተርፈዋል። ሕዝቡ «የኅዳር በሽታ» ያለው እርሱን ነው፤ ኅዳር 12 ቆሻሻ ማቃጠሉም ከዚያ ጊዜ የቀረ ልማድ ነው። አካባቢን ማጽዳቱ መልካም ሆኖ ሳለ፣ ጭሱ ግን ቫይረስን አያባርርም፤ ይልቁንም የአፍንጫን ውስጠኛ ስስ ሽፋን አስቆጥቶ ያሳብጠዋል፤ አፍንጫው ጠባብ ለሆነ ሕፃን ደግሞ ትንሽ እብጠት መንገዱን ለመዝጋት በቂ ነው።

ነፋስ የለመደው፦
መምህር፣ ትምህርቱ መልካም ነው፤ ነገር ግን ልጁ ፈተና ሳይሆን ጡት ነው የሚጠብቀው።

በጤና ጣቢያ የምሠራ ነርስ፦
እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ዕድሜውን ይንገሩን፤ መልሱ በሙሉ የሚወሰነው በዚያ ነው። ትኩሳት አለው? ሽንቱን እንደ ወትሮው ይሸናል? እስኪመልሱልኝ ድረስ ሽሮፑን አይስጡት፤ ቪክሱንም አይቀቡት።

የአዳማዋ እናት፦
ሦስት ወር ከግማሽ ነው። በቴርሞሜትር ስለካው 37.2 አለ። ጨርቁን እያረጠበ ነው። ሳል የለውም፤ ነገር ግን ሲተነፍስ ከውስጡ ኮር ኮር የሚል ድምፅ ይሰማል። የጡጫ ያህል የሆነች የጎማ መምጠጫ ሰዎች በስጦታ አምጥተውልን ነበር፤ አጠቃቀሟን አላውቅም።

የሦስት ልጆች እናት፦
እኔ የሁለት ዓመት ልጅ መስሎኝ ነው! እንግዲያስ ማሩን ተዪው፤ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር አይሰጥም።

በጤና ጣቢያ የምሠራ ነርስ፦
ትክክል ነው። ማር ዓመት ባልሞላው ሕፃን አንጀት ውስጥ አድጎ መርዝ የሚያመነጭ የባክቴሪያ ዘር ሊኖረው ስለሚችል፣ በጣት ጫፍ ማስላስ እንኳ አይገባም። ዝንጅብሉም ሆነ ሌላው ሻይ ለዚህ ዕድሜ አይሆንም፤ እስከ ስድስት ወር ድረስ የእናት ጡት ብቻ ይበቃዋል።

አሁን ወደሚጠቅመው እንሂድ። በመጀመሪያዎቹ ወራት ሕፃናት በአብዛኛው የሚተነፍሱት በአፍንጫቸው ነው፤ አፋቸው በጡት ተይዞ አፍንጫቸው ሲዘጋ አየር የሚገባበት ስለማይኖር ነው ጥለው የሚያለቅሱት። ስለዚህ ሥራዎ ከመጥባቱ በፊት መንገዱን መክፈት ነው። ግማሽ ሊትር ውሃ አፍልተው ለጥቂት ደቂቃዎች ካንተከተኩ በኋላ፣ ከሻይ ማንኪያ ሦስት አራተኛ የሚሆን ጨው፣ ሳይከምሩ አስተካክለው፣ ያሟሙበት፤ በንጹሕ ዕቃ ከድነው ለብ እስኪል ይጠብቁ። ሲቀምሱት እንደ እንባ ሊጨው ይገባል፤ ከዚያ ከበለጠ ያቃጥለዋልና ደፍተው እንደገና ይሥሩት። ልጁን በጀርባው አስተኝተው፣ መርፌ በሌለው አዲስ ሲሪንጅ ወይም በንጹሕ ጠብታ ማድረጊያ በእያንዳንዱ ቀዳዳ ሁለት ሦስት ጠብታ ያድርጉለት። ያስነጥሳል፣ ይቆጣል፤ አይደንግጡ። አንድ ደቂቃ ያህል ይጠብቁ፤ ንፍጡ የሚለሰልሰው በዚህ ጊዜ ነው።

ጎማዋን አስቀድመው በሙቅ ውሃና በሳሙና አጥበው ያለቅልቋት። አየሯን የሚያስወጡት ጫፏ አፍንጫው ውስጥ ከመግባቱ በፊት ነው፤ ጨምቀው ይያዙ፣ ጫፏን በቀዳዳው አፍ ላይ ብቻ ያሳርፉ፣ ከዚያ ጣትዎን ቀስ ብለው ይልቀቁ። በውስጥ ሳሉ ከጨመቋት ንፍጡን መልሰው ወደ ውስጥ ይገፉታል። ይህን ከመጥባቱ ሩብ ሰዓት ያህል ቀደም ብለው ያድርጉ። መምጠጡን ግን በቀን ከአራት ጊዜ በላይ አያድርጉት፤ የበዛ እንደሆነ ሽፋኑ ይቆስልና እብጠቱ ይብሳል። የተረፈውን የጨው ውሃ ነገ ማታ ይድፉት፤ አዲስ መሥራት አይከብድም።

አሁን ደግሞ ልብሱን ገልጠው፣ ሳያለቅስ ወይም ተኝቶ ሳለ፣ ደረቱንና ሆዱን እያዩ ትንፋሹን ለአንድ ሙሉ ደቂቃ ይቁጠሩና ይጻፉልን።

የሰፈር አያት፦
ልጄ፣ ይህ ሁሉ ጎማና ሲሪንጅ ለምንሽ ነው? ለጋ ቅቤ አቅልጠሽ በአፍንጫው ጠብ አድርጊለት፤ እኛ ልጆቻችንን ያሳደግነው እንዲሁ ነው። ጤና አዳሙንም በጨርቅ ቋጥረሽ ትራሱ ሥር አድርጊ። ካልተሻለው ደግሞ እንጥሉ ወርዶ ይሆናልና ለሚያውቅ ሰው አሳዪው።

በፋርማሲ የምሠራ፦
እናታችን፣ ለልጆችዎ የደከሙትን ማንም አይዘነጋም፤ ይሁን እንጂ በዚህ ነገር ሊያስቆጣዎት ቢችልም ዝም አልልም። ቅቤም ሆነ ማንኛውም ዘይት በአፍንጫ ሲገባ ወደ ሳንባ ሊወርድ ይችላል፤ ሳንባ ደግሞ ቅባትን ማስወጫ የለውምና የሳንባ ምች ያስከትላል። እንጥል ማስቆረጥማ ደም አፍስሶ፣ ቁስሉን አመርቅዞ ሕፃናትን የሚገድል ነገር ነው፤ ለአፍንጫ መዘጋት የሚሰጠው ጥቅም ከቶ የለም። ጤና አዳሙ በሩቅ ቢሸት አልከራከርም፤ ሕፃኑ አልጋ ውስጥ ግን ትራስም ሆነ የተቋጠረ ጨርቅ ባይኖር ይሻላል።

ወደ ጠያቂዋ ልመለስ። ቪክስ ካምፎር ስላለበት ከሁለት ዓመት በታች ላለ ልጅ በደረቱም፣ በእግሩም፣ በአፍንጫው ሥርም አይቀባም። ለአዋቂ የሚሸጡት፣ አፍንጫን ወዲያው የሚከፍቱት ጠብታዎች ደግሞ ሕፃንን እስከማፍዘዝና ትንፋሹን እስከማዘግየት ሊደርሱ ይችላሉ፤ ጎረቤት «ይኸው አለኝ» ቢልዎት እንኳ አይቀበሉ። የጉንፋን ሽሮፖችም እንደዚሁ ናቸው። ነገ ወደ ፋርማሲ ሲሄዱ «ጨው ብቻ ያለበት የሕፃን የአፍንጫ ጠብታ» ብለው ይጠይቁ።

ባለቤትዎን በተመለከተ፦ አሞክሳሲሊን ባክቴሪያን እንጂ የጉንፋን ቫይረስን አይነካም። ከዚህም በላይ ያ ሽሮፕ በውሃ ከተበጠበጠ በኋላ በፍሪጅ ቢቀመጥ እንኳ ዕድሜው ከሁለት ሳምንት አያልፍም፤ ያለፈው ወር ሽሮፕ ወደ ቆሻሻ ነው የሚሄደው። መጠኑም የተለካው በታላቂቱ ክብደት ነው።

የጠያቂዋ ባለቤት፦
እኔ እንስጠው ያልሁት ንፍጡ አረንጓዴ ሆኖ ስላየሁ ነው። አረንጓዴ ንፍጥ ኢንፌክሽን ነው ብለው የነገሩን የጤና ባለሙያ ናቸው።

በጤና ጣቢያ የምሠራ ነርስ፦
ጉንፋንም እኮ ኢንፌክሽን ነው፤ ልዩነቱ በቫይረስ መምጣቱ ነው። ሰውነት ሲከላከል ንፍጡ ከውሃማነት ወደ ነጭ፣ ከዚያም ወደ ቢጫና አረንጓዴ ይለወጣል፤ ቀለሙ ብቻውን አንቲባዮቲክ አያሳዝዝም። ጉንፋኑ በአብዛኛው ከሳምንት እስከ ዐሥር ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ይለቃል። አባትም ከተገኙ አንድ ሥራ ልስጥዎት፦ ቡናው ዛሬ ቤት ውስጥ አይፈላ፣ ከሰልም እጣንም አይግባ፤ ሲጋራ የሚያጨስ ካለም ከግቢ ውጭ ይሁን።

የባጃጅ ነጂ፦
የጨው ውሃ አድርጉለት። የእኔ ልጅ በጨው ውሃ ነው የተሻለው።

ነፋስ የለመደው፦
ወንድሜ፣ እስከ ጨዉ መጠን ድረስ ከላይ ተጽፎልዎታል።

የባጃጅ ነጂ፦
እየነዳሁ ስለነበር አላነበብሁትም። ቢደገም ግን ምን ይጎዳል?

ነፋስ የለመደው፦
እየነዱ ባይጽፉልን ነው የሚጎዳው የሚቀንሰው።

አዲስ እናት፦
ውሃ በሳፋ አፍልቶ፣ የባሕር ዛፍ ቅጠል ጨምሮ፣ ከነልጁ በጋቢ ተሸፍኖ መታጠንስ? እኔን በልጅነቴ እንዲህ ያደርጉኝ ነበር።

በጤና ጣቢያ የምሠራ ነርስ፦
ለሕፃን በፍጹም አይደረግም። የፈላ ውሃ ተገልብጦባቸው ተቃጥለው የሚመጡ ልጆችን የምናየው በዚህ ምክንያት ነው፤ የባሕር ዛፍ ዘይቱም ትንፋሹን ያስቆጣል። ንፍጥን በአፍ መምጠጥም በየቤቱ የተለመደ ነው፤ ነገር ግን የእናት ጉንፋን ወደ ልጅ፣ የልጅም ወደ እናት የሚሻገርበት መንገድ ስለሆነ ጎማዋ ካለች አያስፈልግም። ጥጥ የተጠቀለለበትን ቀጭን እንጨትም ወደ ውስጥ አያስገቡ፤ በቀዳዳው አፍ ላይ የደረቀውን በጨው ውሃ በራሰ ለስላሳ ጨርቅ መጥረግ ይበቃል።

የአዳማዋ እናት፦
ተኝቶ ሳለ ቆጠርሁ፤ 44 ሆነ። ባለቤቴም ቆጥሮ 46 አለ። ውሃው እየበረደ ነው። ሌሊት ከፍ አድርጌ ላስተኛው?

በጤና ጣቢያ የምሠራ ነርስ፦
ለእርሱ ዕድሜ መልካም ነው። ከሁለት ወር እስከ ዓመት ድረስ ላለ ሕፃን በደቂቃ 50 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ነው ፈጣን የምንለው፤ ከሁለት ወር በታች 60፣ ዓመት ከሞላው ጀምሮ እስከ አምስት ዓመት ደግሞ 40። ትራስ አይደርቡለት፤ በጀርባው፣ በጠፍጣፋ ፍራሽ ይተኛ። ነቅቶ ሳለ ግን በትከሻዎ ላይ ቀጥ አድርገው ይያዙት። ሲያጠቡትም ከወትሮው ቀና ያድርጉት፤ በትንሽ በትንሹ፣ ቶሎ ቶሎ ይስጡት። አሁንም አልስብ ካለ ጡትዎን በንጹሕ ኩባያ አልበው በማንኪያ ያጠጡት።

ከሚከተሉት አንዱን ካዩ ግን ሌሊትም ቢሆን ንጋትን ሳይጠብቁ ወደ ሆስፒታል ይውሰዱት፦ ሲተነፍስ የታችኛው የደረቱ ክፍል ወደ ውስጥ ከገባ፣ ትንፋሹ 50 ከደረሰ፣ አፍንጫው ተጠርጎለትም መጥባት ካቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ ካስመለሰው፣ ከንፈሩ ከጠቆረ፣ ካንቀጠቀጠው ወይም ለመንቃት ካስቸገረ። ትኩሳቱ 38 ከገባም ለዚህ ዕድሜ በዚያው ሌሊት መታየት አለበት። ባጃጅ የሚነዱት ወንድማችን ስልካቸውን በውስጥ መስመር ቢልኩላቸው አይከፋም።

የባጃጅ ነጂ፦
ልኬአለሁ። እስከ ሌሊቱ ስድስት ሰዓት ሥራ ላይ ነኝ፤ ከዚያ በኋላም ከተደወለልኝ እነሣለሁ። አሁን ቆሜ ነው የጻፍሁት።

የሰፈር አያት፦
ቅቤውን ተዉ ካላችሁ ይቅር። እናቲቱ ግን አጥሚት ትጠጣ፤ እርሷ ካልበላች ወተቱ ከየት ይመጣል? ለዚህም ነርስ ይጠየቅ?

በጤና ጣቢያ የምሠራ ነርስ፦
እማማ፣ አጥሚቱን እኔም አዝዣለሁ።

አዲስ እናት፦
ጠያቂዋ፣ ጠባልሽ? አሳውቂን እንጂ።

የአንድ ልጅ አባት፦
በዚሁ አጋጣሚ ልጠይቅ። የእኔ ልጅ ሦስት ዓመቷ ነው። ከሰሞኑ የቀኝ አፍንጫዋ ብቻ ተዘግቶ መጥፎ ሽታ ያለው ንፍጥ ይወርዳታል፤ የግራው ደህና ነው። የጨው ውሃው ለእርሷም ይሆናል?

በጤና ጣቢያ የምሠራ ነርስ፦
ጉንፋን አንዱን ቀዳዳ ብቻ መርጦ፣ ከሽታ ጋር መቆየቱ የተለመደ አይደለም። በዚህ ዕድሜ እንዲህ ሲሆን በቅድሚያ የምንጠረጥረው ሽምብራ፣ ባቄላ፣ የዶቃ ፍሬ ወይም የስፖንጅ ቁራጭ አስገብታ እንደሆነ ነው። በጨው ውሃም አይጠቡት፤ ሽምብራና ባቄላ ውሃ ሲያገኙ ያብጣሉ። በወረንጦም ሆነ በጣት አይሞክሩት፤ ወደ ውስጥ ይገፋል። ነገ ጠዋት ወደ ጤና ተቋም ወስደው ያስመርምሯት፤ የቤት መጫወቻዋ ትንሽ ክብ ባትሪ ያለው ከሆነና ባትሪው ጠፍቶ ከሆነ ግን ነገን አይጠብቁ፤ ባትሪ ሥጋን በሰዓታት ውስጥ ያቃጥላልና አሁኑኑ ይውሰዷት።

የአንድ ልጅ አባት፦
ባትሪ ያለው መጫወቻ የላትም። እናቷ ግን ሰሞኑን ሽምብራ ስትለቅም ከጎኗ ነበረች። ጠዋት እንወስዳታለን።